የነነዌን ንጉሥ ልብስ ፍለጋ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ

በጾመ ነነዌ የመጀመሪያ ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንገቴ ላይ የስፌት ሜትር አንጠልጥዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ደብተርና እርሳስ ይዤ ከቤቴ ወጣሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምሄደው ደግሞ አሌክሳንድሪያ። መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ስለሆነ ይህን ጉዞ ብዬ ስጽፍ የሚስቅብኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን የሄድኩት ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተሰፋ ልብስ ልለካ ነውና ርቀቱን በማይል ብቻ ባትቆጥሩብኝ ደስ ይለኛል።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። አንድ ላውንደሪ ቤት ጥግ ላይ የስፌት መኪናዬን ተክዬ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፐር እቀይራለሁ፣ ክብደት ለጨመሩ ሙሽሮች ቀሚስ አሰፋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ትያትር ሲያዘጋጁ አልባሳቱን የምሠራው እኔ ነኝ። ዘንድሮ የሚያሳዩት የነነዌን ታሪክ ነው። ነነዌ የጥንት አሦራውያን ትልቅ ከተማ ነበረች። ነቢይ መጥቶ እንደምትጠፋ ሲናገር ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ፣ ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ ማቅ ለበሰ፣ አመድ ላይ ተቀመጠ። ሰዉም ከብቱም ጾመ፣ ከተማዋም ተረፈች። ከዐቢይ ጾም በፊት በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾመው ይህን እያስታወስን ነው።

ንጉሡን የምትጫወተው ልጄ ማህሌት ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ወንዶቹ ያን ሁሉ አማርኛ በቃል ማጥናት ፈርተው ሲያፈገፍጉ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች። እኔም በልጄ ኮርቼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ እየሠራሁ ጥቁር የከፋይ ካባ ሰፋሁላት፤ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ፣ ገበሩ ቀይ ሐር የሆነ። እውነቱን ልናገር፣ በዚህ አገር ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ሥራ ነው። ቅዳሜ በልጆቹ ፊት ሳለብሳት ግን ዝቅ ብላ አየችውና፣

“አባዬ፣ አሲሪያንስ እንዲህ አይለብሱም። ይሄ የኛ ነው” አለች።

“ንጉሥ ንጉሥ ነው። ዝም ብለሽ ልበሺ።”

“ታዲያ ምን ነበር የሚለብሱት?”

አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን ከአፌ አልወጣ አለ። ልጆቹ ሁሉ እያዩኝ ስለነበር፣ “እሺ ፕሮፌሰር፣ አንቺ ንገሪኝና እኔ ልጻፍ” አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። ማህሌት አልሳቀችም። ካባውን አውልቃ አጣጠፈችና ወንበሬ ላይ አስቀምጣው ወጣች። መኪና ውስጥ ስንገባ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ “አይም ደን፣ አባዬ። ትያትሩንም፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱንም ትቻለሁ። ሰው ሲጠይቅ ትስቁበታላችሁ” አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ትያትሩ የሚታየው በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ እስከ ረቡዕ ካልተመለሰች ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል። እኔን ያስፈራኝ ግን ትያትሩ አይደለም። በእሷ ዕድሜ በዚያ በር ወጥተው የቀሩ ብዙ ልጆች አውቃለሁ፤ የተመለሱትን ግን በጣቶቼ ብቆጥር ጣት ይተርፈኛል። ባለቤቴ ሰናይት እሑድ ማታ ሳህን እያጠበች ሳታየኝ፣ “ልጅቷ የጠየቀችህ እውነቱን ነው። ወይ አላውቅም በላት፣ ወይ ሄደህ እወቅ” አለችኝ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ የቆየ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከአሦራውያን ቤተ መንግሥት ግድግዳ የመጡ የድንጋይ ቅርጾች እንዳሉ ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁ። ደውዬም መታወቂያ ይዤ መምጣት እንደምችል ነገሩኝ። ሰኞ ዕረፍቴ ነው። ማህሌትን አብረን እንሂድ ስላት፣ “ስኩል አለኝ” ብላ በሯን ዘጋች።

ከቀይ መስመር ወደ ቢጫው

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ቀዩን ባቡር ያዝኩ። በሥራ ቀን እስከ አሌክሳንድሪያ ሒሳቡ ስድስት ዶላር ያልፋል። ነፋሱ ስለት ነበረው፤ ነገ በረዶ ይጥላል ተብሎ ሰው ሁሉ ቀድሞ ተሸፋፍኗል። እኔ ባቡር ላይ ስሳፈር የሰው ፊት አላይም፣ የሱሪ ጫፍ ነው የማየው። ከፊቴ የቆመው ጎልማሳ የሁለት ሺህ ዶላር ኮት ለብሶ የኪሱን መዝጊያ ስፌት ሳይተረትር ነው የሚሄደው። ልንገረው አልኩና ተውኩት።

መሀል ከተማ ወርጄ ቢጫውን መስመር ያዝኩ። ባቡሩ ከምድር በታች ወጥቶ የፖቶማክን ድልድይ ሲሻገር ወንዙ በዳርና በዳር ነጭ በረዶ ይዞ መሀሉ ጥቁር ሆኖ ይፈስሳል። አርሊንግተን ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉት የቢሮ ሠራተኞች ወረዱና ባቡሩ ቀለል አለ። የአውሮፕላን ማረፊያ ዩኒፎርም የለበሰች የአገሬ ልጅ ስታየኝ ቆየችና ለመውረድ ስትነሳ ጠጋ ብላ፣

“ጋሼ፣ ሜትርዎን አንገትዎ ላይ ረስተውታል” አለችኝ።

“አልረሳሁትም፣ ሥራ ላይ ነኝ።”

“የት ነው ሥራው?”

“የነነዌ ንጉሥ ጋ።”

“እንግዲያው በጾም ቀን ብዙ አያድክሙዎት” ብላ እየሳቀች ወረደች። ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው የአሌክሳንድሪያ አውቶቡስ ሒሳብ አይጠይቅም። ካርዴን አውጥቼ የማስነካበት ቦታ ስፈልግ ሾፌሩ፣ “ዝም ብለህ ተቀመጥ” አለኝ። ሽቅብ ስንወጣ በመንገዱ ዳር የጡብ ቤቶችና የዋርካ ያህል የሰፉ ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ቅጠላቸው ረግፎ ቅርንጫፉ ብቻ ቀርቷል።

ድንጋይ የለበሰው ሰው

ቤተ መጻሕፍቱ ሞቅ ያለና ጸጥ ያለ ነው። የተቀበለችኝ ሴትዮ ካሮል እባላለሁ አለችኝ፤ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች፣ ሹራቧ ክርኑ ላይ የተጣፈ። የጣፈው ደህና እጅ ነው። መታወቂያዬን አይታ፣ ሜትሬንም አይታ፣ “መንካት አይፈቀድም፤ ፎቶ ግን ያለ ፍላሽ ይቻላል” አለችኝ።

ወደ ቅርጾቹ ወሰደችኝ። ግራጫ ድንጋይ ላይ ከእኔ የሚረዝም ባለ ክንፍ ሰው በጎኑ ቆሟል። ጺሙ እንደ ሹሩባ ረድፍ በረድፍ ተገምዷል። ባቱ ጡንቻው ተወጥሮ ይታያል። በግራ እጁ ትንሽ ባልዲ ይዞ፣ በቀኙ የጥድ ፍሬ የመሰለ ነገር ወደ ፊት ዘርግቷል። ካሮል እንዳስረዳችኝ ይህ ንጉሡ ራሱ አይደለም፤ ንጉሡንና ቤቱን የሚያነጻ፣ የሚጠብቅ መንፈስ ነው። የመጣበትም ቤተ መንግሥት ነነዌ ውስጥ ሳይሆን ከእሷ ወደ ደቡብ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ያህል ርቆ ባለ ሌላ የአሦር ከተማ ነበር። የዛሬ መቶ ሰባ ዓመት ገደማ ድንጋዩን በመጋዝ ቆራርጠው በእንስሳት ጭነው፣ በመርከብ አሻግረው አመጡት። የተቆረጠበት መስመር ዛሬም ይታያል፤ እኔ ብሆን ስፌቱን እደብቀው ነበር።

“ልብሱ ግን የንጉሡን ይመስላል?” ብዬ ጠየቅኋት።

“በጣም ይቀራረባል። ንጉሡ ላይ የሚጨመረው ቆቡ ነው፤ ረጅም ሆኖ ጫፉ ላይ ሹል ነገር ያለው። የዘርፉ ርዝመትና የልብሱ ጌጥ የሰውየውን ማዕረግ ይናገር ነበር።”

ደብተሬን አውጥቼ መሳል ጀመርኩ። ከውስጥ እጅጌው አጭር የሆነ ቀሚስ አለ። ጠርዙ ላይ በመርፌ ጫፍ የተቀረጸ የሚመስል ጥለት አለ፤ አበባና ዛፍ፣ ቀረብ ብለው ካላዩት የማይታይ ቀጭን ሥራ። ከላይ ደግሞ ረጅም ዘርፍ ያለው ልብስ ከትከሻ ተነሥቶ፣ በብብት ሥር ዞሮ፣ አንዱን እግር ሸፍኖ ሌላውን ገልጦ ይወርዳል። እኔም እንደ ሙያዬ ስፌቱን ፍለጋ ገባሁ። ትከሻው ላይ ፈለግሁ፤ የለም። ጎኑ ላይም የለም። ጠርዙን በአየር ላይ በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ሦስተኛው ላይ ገባኝ። ከላይ ያለው ልብስ አልተሰፋም። አንድ ወጥ ረጅም ጨርቅ ነው፤ እንደ ጋቢ እንደ ኩታ ሰውነት ላይ የሚጠመጠም። ልብስ ሰፊ ሆኜ የሄድኩት ስፌት የሌለው ልብስ ልለካ ኖሯል።

ለካሮል ስነግራት ገባኝ ብላ ብቻ አላለፈችውም፤ ሄዳ ለግብዣ የሚዘረጉትን ረጅም የጠረጴዛ ልብስ አመጣች። ኮቴን አውልቄ ቆምኩ። እሷ ጫፉን ይዛ እኔ ዞርኩ። አንዴ እግሬ ተጠላለፈ፣ አንዴ ትከሻዬ ላይ አልቆም ብሎ ተንሸራተተ። የሚያነቡት ተማሪዎች ቀና እያሉ ያዩናል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ በሰው ቤተ መጻሕፍት የጠረጴዛ ልብስ ለብሼ ስሽከረከር ሰናይት ብታየኝ ምን ትል ይሆን እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ። በሦስተኛው ሙከራ ድንጋዩን መሰልኩ፤ ክንፉ ሲቀር።

የድንጋዩን መሀል፣ በልብሱም በእጁም ላይ አቋርጦ፣ እንደ ወፍ እግር የመሰለ ጽሑፍ ይሄዳል። ምን እንደሚል ጠየቅኋት።

“የንጉሡን ማዕረግና ድል። ታላቁ ንጉሥ፣ ኃያሉ ንጉሥ፣ የዓለም ንጉሥ፣ እያለ ይሄዳል። ያንኑ ቃል ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ድንጋይ በድንጋይ ደጋግመው ጽፈውታል።”

ስለ ሌላውም ነገረችኝ። ያፈረሷቸውን ከተሞችና ነቅለው የወሰዷቸውን ሕዝቦች ሳያፍሩ በኩራት የሚቆጥሩ ነገሥታት ነበሩ። የዚያኑ ያህል ደግሞ በሸክላ ላይ እየጻፉ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ያከማቹ ናቸው። በጥንቱ ዋና ከተማቸው ሴቶቹ የሱፍ ጨርቅ እየሠሩ በአህያ ወደ ሩቅ አገር ይልኩ ነበር። እዚያ ከሚነግዱት ባሎቻቸው ጋር ስለ ጨርቁ ውፍረትና ጥራት በሸክላ ደብዳቤ ይጨቃጨቁ እንደነበርም ከአንድ መጽሐፍ ላይ አሳየችኝ። ይህን ስሰማ እነዚያ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሆነው ታዩኝ። እኔና ሰናይትም ስለ ጨርቅ ያልተጨቃጨቅንበት ሳምንት የለም።

ከዚያ የጠረጴዛውን ልብስ መፍታት ጀመርኩ። ካባ ቢሆን መንጠቆውን ፈታ፣ ትከሻውን ነቅነቅ፣ አለቀ። ይኼኛው ግን ዙር በዙር ነው የሚፈታው፤ በየዙሩም ሰውየው ያንሳል። ያን ሁሉ ጉራ የለበሰ ንጉሥ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ይህን ልብስ በእጁ ሲፈታ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት፣ ምን ያህል እንደሚከብደው አሰብኩ። ማህሌት ይህን ብታይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ እንደማትመጣ ትዝ አለኝ።

ኦዲሾ

ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው የወጣሁት። ዘርፍ መግዛት ነበረብኝ፤ ስልኬ ላይ ስፈልግ ዱክ ስትሪት ላይ የሶፋና የመጋረጃ ጨርቅ የሚሸጥ ሱቅ አገኘሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምይዝ የዶሮ ጥብስ ቤቶቹን በር አፍንጫዬን በስካርፌ ሸፍኜ አለፍኩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ጥቅል ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ባለቤቱ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጦ የትራስ ልብስ ጠርዝ ይዘመዝማል። ሰባ ዓመት ይሆነዋል፤ ጺሙ ነጭ፣ የለበሰው ሰደርያ ራሱ የሰፋው። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ በእጅ የተሠሩ መሆናቸውን ሳይ አክብሮት አደረብኝ። የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሁለታችንም እንግሊዝኛ እዚህም እዚያም የተጣፈ ስለሆነ በደንብ ተግባባን።

“ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው ዘርፍ፣ አሥራ ሁለት ያርድ” አልኩት።

“ለመጋረጃ ነው ለሶፋ?”

“ለንጉሥ ልብስ። የልጆች ትያትር አለን።”

“የየት አገር ንጉሥ?”

እኔም ጠዋት የተማርኩትን ከሰዓት ለማስተማር ቸኩዬ፣ “የአሦር። በጥንት ዘመን ትልቅ መንግሥት የነበራቸው ሕዝቦች ናቸው፤ አሁን ግን ጠፍተዋል” አልኩት።

ሰውየው መርፌውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና አየኝ።

“መቼ ነው የጠፋነው?” አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ስሙ ኦዲሾ ይባላል፣ አሦራዊ ነው። የተወለደው በሰሜን ኢራቅ፣ ከነነዌ ፍርስራሽ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ ባለች መንደር ነው። እናቱ ያሳደገችው በራሳቸው ቋንቋ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም ዛሬ ድረስ በዚያው ቋንቋ ይቀድሳል። ጦርነት ሲመጣ ወጡ፤ አሜሪካ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ አልተቆጣም። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ የእነዚህን ሰዎች ጾም ስጾም አንድም ቀን፣ የት ደረሱ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እኛ ቤት ነነዌ የጾም ስም ነው። ሰው የሚኖርባት አገር ሆና፣ ልጆቿም የሶፋ ጨርቅ የሚሸጡ ሰዎች ሆነው ታስበውኝ አያውቁም።

“ሻይ ላፍላልህ፤ እኔ ግን ዛሬ አልጠጣም፣ ጾም ላይ ነኝ” አለኝ።

“እኔም ጾም ላይ ነኝ።”

“የምን ጾም?”

“የነነዌ” አልኩት።

ከወንበሩ ተነሣ። “ባዑታ?” አለኝ። በቋንቋቸው ልመና ማለት ነው፤ ሦስቱን ቀን የሚጠሩት እንዲያ ነው። ቀን ስንቆጥር ጾማችን ዘንድሮ ገጥሟል፤ የእነሱና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ስለሚውል ነው። ኦዲሾ ባንኮኒውን ዞሮ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ።

“እናንተ ኢትዮጵያ ሆናችሁ፣ ለእኛ ከተማ ትጾማላችሁ?”

“በየዓመቱ።”

“እኔ እኮ ይህን ጾም ከእኛ በቀር የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። የልጅ ልጆቼ እንኳ ትተውታል” አለና ዓይኑን በሰደርያው ጫፍ ጠረገ። እኔም ዓይኔ እርጥብ ነበር።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባን፤ ሁለት ልብስ ሰፊ ሲገናኝ ለቅሶው አይረዝምም። ስዕሌን አይቶ ጨርቁ ከባድ ሱፍ መሆን አለበት አለ፤ ቀላል ጨርቅ ተጠምጥሞ አይቆምም። አንድ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የመጋረጃ ሱፍ ቁራጭ፣ አምስት ያርድ የሚሆን፣ ከላይ አወረደልኝ። “ዘርፉን በማሽን እንዳትመታው፣ ድርቅ ይላል። በእጅህ ልቅ አድርገህ ያዘው” አለኝ። ዘርፉን በያርድ ሦስት ዶላር ሸጠልኝ፤ የሱፉን ግን አልቀበልም አለ። ማን እንደሚለብሰው ሲጠይቀኝ የማህሌትን ነገር ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ጥያቄዋንም፣ ሳቄንም።

“ከእኔ የልጅ ልጆች አንዱ ምን ይለብሱ ነበር ብሎ ቢጠይቀኝ ሱቁን ዘግቼ አብሬው እፈልግ ነበር” አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እሑድ እኔና ባለቤቴ መጥተን ብናይ ትፈቅዱልናላችሁ?” አለ።

“እንዴታ፣ ደስ ይለናል” አልኩት። አድራሻውን ጽፌ ሰጥቼው በሩን ከወጣሁ በኋላ ነው ንጉሥ እንደሌለን ያስታወስኩት።

ስወጣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ኪሴ ውስጥ አስገብቶልኛል። ባዑታ ሲደርስ ሰባት ዓይነት እህል ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በቴምር ማር ለውሰው የሚበሉት ነው፤ ፑኪን ይሉታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ፈታሁት። ቀመስኩት። በሶ ነው። ተጠፍጥፎ የተጨበጠ ጣፋጭ በሶ። አንድ ነጭ ሰውዬ አጠገቤ ቆሞ ብቻዬን ስስቅ አይቶ ራቅ ብሎ ቆመ።

ወደ ቤት

በመልሱ መንገድ ባቡሩ ሙሉ ነበር። ጥቅሉን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ስለ አሦራውያን ብዙ ተምሬያለሁ፤ ጨካኞችም፣ ጥበበኞችም፣ ጨርቅ ላይ የሚነታረኩ ነጋዴዎችም እንደነበሩ፣ ልጆቻቸውም እንዳሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ያን ቀን ትምህርት ያገኘሁት አላውቅም ባልኩበት ቦታ ሁሉ ነው። ካሮል ያስተማረችኝ ሳላውቅ ስለጠየቅኋት ነው፤ ኦዲሾ ደግሞ አውቃለሁ ብዬ ስሳሳት ሳይስቅብኝ አረመኝ። ልጄ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። ወንዙን ስንሻገር ምን ብዬ እንደምጀምር ማሰብ ጀመርኩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስም አልጨረስኩም።

ማህሌት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሰናይት የምስር ወጡን ታማስላለች። ኮቴን ሳላወልቅ ቆሜ ተናገርኩ።

“ማህሌት፣ ያን ቅዳሜ አጥፍቻለሁ። የጠየቅሽኝን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት አፍሬ በልጆቹ ፊት ሳቅሁብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

የእኔ አባት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ለልጄ እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር። ሰናይት ማማሰሏን አቆመች። ማህሌት ላፕቶፑን እያየች፣ “ኢትስ ኦኬ” አለች፤ ቀና ግን አላለችም። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ስዕሉን ወደ እሷ ገፋሁት። ቆይታ አየችው።

“ዌይት። ስፌቱ የታል?”

“የለውም። እኔም ግማሽ ቀን ነው የፈለግሁት።”

“እና ካባው?”

“ካባው ተሳስቷል። አንቺ ነሽ ትክክል።”

በዚህ ጊዜ ቀና አለች። ኦዲሾን ነገርኳት፤ ጠፍተዋል ማለቴንም፣ መቼ ነው የጠፋነው ማለቱንም፣ እሑድ ከባለቤቱ ጋር ትያትሩን ሊያይ እንደሚመጣም ሳላስቀር። አፏን በእጇ ያዘች። “ዴይ ስቲል ኤግዚስት? አባዬ፣ ልብሳቸውን ሁሉ ሰርች ሳደርግ እኔም አሉ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም” አለች። ሁለታችንም ያው ነን አልኳት። ጾሙ መግጠሙን ስትሰማ ስልኳን አውጥታ ቀኑን ራሷ አረጋገጠች፤ በእኔ ቃል ብቻ አላመነችም፣ አልከፋኝም።

ሱፉን ፈታሁት። ተነሥታ ቆመች፣ እኔ ጫፉን ያዝኩ፣ እሷ ዞረች። ትከሻዋ ላይ ሲንሸራተት ስፒል ላምጣ ብል፣ “ኖ፣ በእጄ እይዘዋለሁ፤ እነሱ ስፒል ነበራቸው?” አለች። አላውቅም አልኳት፤ አሁን ቀሎኛል። መሀሉ ላይ የሚሄደው ጽሑፍ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። እኔ ታላቅ ነኝ፣ እኔ ኃያል ነኝ፣ የዓለም ንጉሥ ነኝ ይላል ስላት ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ተወች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት መፍታት ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ዙር በዙር፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ። ሰናይት ማማሰያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። የመጨረሻው ዙር ወድቆ በቲሸርቷ ቆመች።

“ሰውየውና ባለቤታቸው እሑድ የት ነው የሚቀመጡት?” አለች።

“ከፊት።”

አሰበች። “እንግዲያው ማቁን ለስላሳ እንዳታደርገው። የምር ማቅ ይሁን።”

ከዕቃ ማስቀመጫው የሩዝ ጆንያ አውጥቼ ጎኑን ተረተርኩ፣ ለራስ የሚሆን ቀዳዳ ቀደድኩበት፣ በራሷ አስገባሁላት። አንገቷን ወዲያው አሳከካት፤ ትከሻዋን ስትሰብቅ አየኋት።

“ገበር ላድርግበት?” አልኳት።

“አይ፣ አባዬ” አለችኝ፣ “እንደዚሁ ይሁን።”